ይድረስ ለኤሪትሮማይሲን፤ ከቀዶ ሕክምና ክፍል

ለተከበርከው ኤሪትሮማይሲን፤

እኔ ዕድሜዬን በቀዶ ሕክምና ክፍል ያሳለፍኩ ነርስ ነኝ። አገር የሚያውቅህ በሌላ ሙያህ ነው። ጉሮሮው ለቆሰለ ሕፃን፣ ፔኒሲሊን ለማይስማማው ታማሚ፣ ትክትክ ለያዘው ልጅ ስትታዘዝ ያየህ ሁሉ ፀረ ባክቴሪያ ይልሃል፤ አልተሳሳተም። እኔ ብዕር ያነሳሁት ግን ስለዚያ አይደለም። ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሰፋ በኋላ ጨጓራቸው ሥራ አልጀምር ላላቸው ሰዎች ስላደረግክላቸው ነው። በዚህ ውለታህ ስምህን በአደባባይ ያነሳ ሰው አላየሁም። ከክፍላችን ድነው የሚወጡ ሰዎች ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ፣ ሐኪሙን ይመርቃሉ፣ እኛንም ይመርቁናል። በቱቦ የገባላቸውን ሽሮፕ የሚያስታውስ ግን የለም። ስለዚህ እኔ ልጻፍልህ ብዬ ተነሣሁ።

የሆድ ኦፕራሲዮን የተደረገለት ሰው ቤተሰብ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ቁስሉ ነው። ቀን ሲጨምር ጥያቄው አንድ ብቻ ይሆናል፤ «እህል ቀመሰ ወይ?» በእኛ አገር የበሽተኛ መዳን የሚታወቀው በሙቀት መለኪያ ወይም በደም ምርመራ አይደለም፤ በመብላቱ ነው። አስታማሚ አጥሚቱን በፔርሙዝ ይዞ ጠዋት ይመጣል፤ ሳይነካ ማታ ይዞት ይመለሳል። ነገሩ ሲረዝም ፔርሙዙም መምጣት ያቆማል። ሐኪሙ ገና ብዙ ተስፋ አለው፤ ቁስሉ ደርቋል፣ ትኩሳት የለም፣ የደም ምርመራው ደህና ነው። ቤተሰቡ ግን በልቡ መሰናበት ጀምሯል። የዚህ ሕመም ክፋቱ ይኸው ነው፤ ሌላው አካል ሁሉ እየዳነ ሰውየው የሚሞት ይመስላል።

ታማሚው ራሱ ሁለት ማንኪያ ሾርባ ሲወስድ ከደረቱ ሥር ሞልቶ ይቆምበታል። ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል፤ የወጣው ቱቦ በአፍንጫው ተመልሶ ይገባል። ቱቦው ጉሮሮውን ይፍቀዋል፣ አፉ ይደርቃል፣ አረንጓዴው ፈሳሽ ቀን ከሌት ወደ ከረጢቱ ይወርዳል። በዚያ ፈሳሽ የተነሳ ከሰውነቱ ፖታሲየም ይጎድላል፤ ፖታሲየም ሲያንስ ደግሞ ጨጓራውም አንጀቱም የባሰ ይደክማል። ከሩቅ አገር የመጣ ከሆነ አስታማሚው መሬት ላይ እያደረ ስንቁ ያልቃል። የከረጢቱን ልክ በየፈረቃው የምመዘግበው እኔ ነኝና፣ ያ ቁጥር አልቀንስ ሲል የሚሰማኝን አውቀዋለሁ።

ሆድ ሲከፈት መደንዘዙ ያለ ነው። ከኦፕራሲዮን በኋላ ትንሹ አንጀት በሰዓታት ውስጥ፣ ጨጓራ ከ24 እስከ 48 ሰዓት፣ ትልቁ አንጀት ከ3 እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ጨጓራ ከዚህ አልፎ ሲዘገይ ምክንያቱ ብዙ ነው። ለሕመም የምንሰጠው ሞርፊንና ፔቲዲን ያዘገየዋል። ስኳር በሽታ ያዘገየዋል። ሆድ ውስጥ የተደበቀ መግል ወይም የሚያፈስ ስፌት ካለ፣ እርሱ ሳይታከም ጨጓራ አይነቃም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ነርቩ ተቆርጧል።

በ1943 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ) የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ሌስተር ድራግስቴት የጨጓራንና ከእርሱ ቀጥሎ ያለውን የአንጀት ክፍል የዱዲነምን ቁስለት ለማዳን ቬገስ የተባለውን ነርቭ መቁረጥ ጀመረ። አሲዱ ቀነሰ፣ ቁስለቱም ዳነ፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ታማሚዎች የበሉት ጨጓራቸው ውስጥ ተኝቶ ይቀር ጀመር። ከዚያ ወዲህ ነርቩን ከግንዱ የሚቆርጥ ሐኪም ለምግቡ ሰፊ መውጫ አብሮ ይሠራል። ይህ ታሪክ ለእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን የጨጓራ ሕመም ለዓመታት ሲታሽ ኖሮ መውጫውን በጠባሳ ሲዘጋው፣ ታማሚው የትናንቱን እራት ዛሬ ሲያስመልስ ከርሞ፣ አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ነው ከእኛ ዘንድ የሚደርሰው። ሐኪሙ ያንን ተለጥጦ የደከመ ጨጓራ ከትንሹ አንጀት ጋር ያገናኘዋል፤ ነርቩን አብሮ የሚቆርጥበትም ጊዜ አለ። መንገዱ ተከፈተ፤ ምግቡን ገፍቶ የሚያሳልፍ ጉልበት ግን የለም። አንተ የምትፈለገው እዚህ ላይ ነው።

ሥራህን የሚሠራ ነገር ሰውነታችን ራሱ አለው። ሞቲሊን ይባላል፤ 22 አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ሆርሞን ነው። ካናዳ ውስጥ በቫንኩቨር ይሠራ የነበረው ጆን ብራውን ነው ያገኘው፤ አወቃቀሩም በ1970ዎቹ መጀመሪያ ታወቀ። በብዛት የሚመነጨው ከጨጓራ ቀጥሎ ካለው ከዱዲነም ነው። ሆዳችን ባዶ ሲሆን በየ90 እስከ 120 ደቂቃው ከጨጓራ የሚነሳ፣ አንጀትን ተከትሎ የሚወርድ ጠንካራ ሞገድ አለ፤ እንግዳ ከወጣ በኋላ ቤት እንደሚጠርግ ሰው የተረፈውን ሁሉ ጠርጎ ያወርዳል። ሞቲሊን የዚህ ሞገድ ቀስቃሽ ነው። አንተ ደግሞ በመልክ ፈጽሞ ሳትመስለው፣ እርሱ በሚያርፍበት ተቀባይ ላይ አርፈህ ያንኑ ትእዛዝ የምታስተላልፍ ሆነህ ተገኘህ።

ይህ እንዴት እንደታወቀ ሳስብ ምስጋናዬ ካንተ አልፎ ወደ ሰዎች ይሄዳል።

የተገኘኸው ከአፈር ነው። በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም ከኢሎይሎ ግዛት አፈር ዘግኖ አሜሪካ ወደሚገኘው ኢላይ ሊሊ ኩባንያ ላከ። በዚያ አፈር ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ አንተን ለይተው አወጡህ፤ በ1952 ለገበያ ስትበቃ ከተሰጡህ ስሞች አንዱ ኢሎታይሲን ነበር፤ የኢሎይሎ መታሰቢያ ነው። አጊላር ከሽያጩ ድርሻ እንዲሰጠው ጠይቆ ሳያገኝ እንዳለፈ በአገሩ ይነገራል። በአልጋው ላይ ተነሥቶ የተቀመጠ ታማሚ ባየሁ ቁጥር ለእርሱም አንድ ነገር የተከፈለው ያህል ይሰማኛል።

ከዚያ በኋላ ዓለም ሁሉ ዋጠህ፤ የዋጠህም ሁሉ በአንድ ነገር ተማረረብህ። ሆድ ቁርጠት፣ ማቅለሽለሽ፣ ተቅማጥ። ሐኪሞች ይህን እንደ ጉድለትህ ቆጠሩት። ብዙ እናቶች ሽሮፑን ጀምረው ያቋረጡትም በዚሁ ምክንያት ነው። ከ30 ዓመት በላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው ሆዱን ይዞ ሲያጉረመርም፣ ያ ቁርጠት ምን እየተናገረ እንደሆነ ቆም ብሎ ያዳመጠው ጥቂት ነበር። ጃፓን ውስጥ በጉንማ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ዜን ኢቶ ግን አዳመጠ። እርሱና ባልደረቦቹ የውሾችን ጨጓራ እንቅስቃሴ ሰዓት በሰዓት ሲመዘግቡ የኖሩ፣ ሞቲሊንን ጠንቅቀው የሚያውቁ ሰዎች ነበሩ። በ1984 ባሳተሙት ጽሑፍ አንተ በውሻ ደም ሥር ስትገባ የምታስነሳው ሞገድ ሞቲሊን ከሚያስነሳው ጋር አንድ መሆኑን አሳዩ። ሰው የሚማረርበት ሕመም ከቦታው ውጭ የዋለ ጉልበት መሆኑ ተገለጠ። እኔ በሕክምና ታሪክ ከማውቃቸው ነገሮች ሁሉ እንዲህ ልቤን የነካው ጥቂት ነው። የታማሚን ቅሬታ ከቁም ነገር የቆጠረ ተመራማሪ ለሌላ ታማሚ ምግብ አበላ።

ከኢቶ ጋር አብሮ የሠራ አንድ ሰው ደግሞ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም፤ ሳቶሺ ኦሙራ ነው። በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በወንዝ ዳር በምትራባ ጥቁር ዝንብ የሚተላለፈውንና ዓይን የሚያጠፋውን በሽታ ለመከላከል በየመንደሩ የሚታደለው ኢቨርሜክቲን መነሻው እርሱ ከጃፓን አፈር የለየው ባክቴሪያ ነው፤ በዚህም በ2015 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ያው ሰው በ1980ዎቹ ያንተን ሞለኪውል እየለዋወጠ፣ ፀረ ባክቴሪያ ኃይልህን ትቶ ጨጓራ የማንቀሳቀስ ኃይልህን ብቻ የሚይዝ ወንድም ሊፈጥርልህ ሲደክም ነበር። ያ ወንድም እስካሁን ከታማሚ አልጋ አጠገብ አልደረሰም፤ የተሞከሩት ተስፋ የተጣለባቸውን ያህል አልሆኑም። ስለዚህ ሥራው ሁሉ አሁንም ያንተ ነው።

ከዚያ ቤልጂየም ውስጥ በሉቨን ያሉ ሐኪሞች ተረከቡህ። በ1990 ጨጓራቸው በስኳር በሽታ ለደከመ 10 ሰዎች 200 ሚሊ ግራምህን በደም ሥር ሰጡ። ያለ አንተ፣ ከበሉ ከ2 ሰዓት በኋላ ከጠጣሩ ምግብ በአማካይ 63 በመቶው ጨጓራቸው ውስጥ ነበር፤ ካንተ ጋር 4 በመቶ ብቻ ቀረ። ከ3 ዓመት በኋላ በባልቲሞር፣ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ የቆሽትን ራስ ከዱዲነም ጋር ቆርጠው የሚያወጡ ቀዶ ሐኪሞች ወደ አንተ መጡ። ዱዲነም ሲወጣ የሞቲሊን ምንጭ አብሮ ይወጣልና እንዲህ ያለ ኦፕራሲዮን ካደረጉት ብዙዎቹ ጨጓራቸው ይዘገይባቸዋል። 118 ታማሚዎችን በሁለት ከፍለው ለአንደኛው ቡድን ከ3ኛው ቀን እስከ 10ኛው ቀን በየ6 ሰዓቱ አንተን ሰጡ። አንተን ካላገኙት 30 በመቶው ጨጓራቸው ዘገየ፤ ካገኙት 19 በመቶው። ተአምር አይደለም። ከመቶ ሰው 11 ሰው ቱቦው በጊዜ ሲወጣለት ምን ማለት እንደሆነ ግን ቱቦ ያስገባ ሰው ያውቀዋል።

አሁን ወደ ክፍላችን ልመለስ። ሁሉንም የሚወክሉልኝን አንዲት እናት ልንገርህ። የመጡት ከገጠር ነው፤ የጨጓራው ሕመም መውጫቸውን ዘግቶባቸው ነበር። ኦፕራሲዮኑ መልካም ሆነ። ጨጓራቸው ግን ዝም አለ። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ያደረጉት ትክክለኛውን ነው፤ የሚያፈስ ነገር እንደሌለ፣ የተገናኘው ቦታ እንዳልተዘጋ አረጋገጡ፤ የጎደለውን ፖታሲየም ሞሉ፤ ጠንካራውን የሕመም ማስታገሻ ቀነሱ፤ ከአልጋ ወርደው እንዲራመዱ አደረጉ። ሌላው ጨጓራ አንቀሳቃሽ መድኃኒት ፕላዚል ተሰጣቸው፤ ለውጡ ጥቂት ነበር። ያኔ በራውንድ ላይ ያንተ ስም ተጠራ። መርፌህ አልነበረም። ከፋርማሲ የመጣው ለሕፃናት የሚሰጠው ሽሮፕ ነው፤ 10 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራምህን ይይዛል። በአፍንጫቸው ቱቦ ሰጥቼ፣ ውሃ አስከትዬ፣ ወዲያው ተመልሰህ እንዳትወጣ ቱቦውን ለተወሰነ ጊዜ ቆለፍኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጠሩኝ። «ልጄ፣ ሆዴን ቆረጠኝ» አሉኝ። «እማማ፣ የት ጋ?» ስላቸው እጃቸውን ከእምብርታቸው በላይ አሳረፉ፤ መጣ ሄደ የሚል፣ ሞገድ ያለው ቁርጠት ነው አሉ። እጄን ከእጃቸው አጠገብ አድርጌ ጠበቅሁ። ሆዳቸው ለስላሳ ነው፤ የሚያስፈራ ነገር የለም። በተመላላሽ ክፍል ብዙ ሰው የረገመህ ያ ቁርጠት እዚህ እንኳን ደህና መጣህ ይባላል። በማግሥቱ ከከረጢቱ የመዘገብኩት ቁጥር ወረደ፤ ቀጥሎ ባለውም ቀን ወረደ። ቱቦው ወጣ። ውሃ ጠጡ፤ ቆየላቸው። ልጃቸው አጥሚቱን ቀዝቀዝ አድርጎ በማንኪያ ሲሰጣቸው «ቀስ በል፣ ይበቃል» እያልኩ የከለከልኩት እኔ ነኝ፤ ደስታው አስቸኩሎት ነበር። «እህል ቀመሰች» ብሎ ለአገር ቤት ስልክ የደወለው እዚያው ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው። ድምፁ እስከ ነርሶች ጠረጴዛ ይሰማ ነበር።

ያመሰገንኩህ በእውነት እንዲሆን ልክህንም መናገር አለብኝ፤ ልክህን አውቀን ስንጠቀምብህ ነው የምትጠቅመው። ጉልበትህ አጭር ነው። ለጥቂት ቀናት በደንብ ትሠራለህ፤ ከዚያ ተቀባዮቹ ይለምዱህና ትእዛዝህን መስማት ይቀንሳሉ። እኔ በዚህ አልከፋብህም። ያንተ ድርሻ ጨጓራው ራሱ እስኪነቃ ያለውን ጊዜ ማሻገር ነው፤ ስትደክም ቆም አድርጎ በኋላ መመለስ ወይም ሌላ መድኃኒት መፈለግ የሐኪሙ ድርሻ ነው። ትልቁ አንጀት ለደነዘዘበት ታማሚ ደግሞ አትረዳም። በ2008 ጥናቶቹን ሰብስቦ የመረመረ የኮክሬን ግምገማ ከኦፕራሲዮን በኋላ አንጀት ሲደነዝዝ ጥቅም እንደሌለህ በግልጽ አስቀምጦታል። ያንተ ቤት ጨጓራ ነው፤ ሆዱ ለተነፋ ሁሉ አንተን ማዘዝ ስምህን ማጥፋት ነው።

ልብንም ትነካለህ። የልብ ምት የኤሌክትሪክ ዑደትን ታረዝማለህ፤ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ባነሰበት ሰው፣ ወይም ፍሉኮናዞልን፣ ሃሎፔሪዶልን፣ ኦንዳንሴትሮንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች አብረው በሚሰጡበት ጊዜ ይህ እስከ ሞት የሚያደርስ የምት መዛባት ሊያመጣ ይችላል። ስለዚህ አንተ ከመሰጠትህ በፊት የልብ ምርመራው ኢሲጂ ሲነሳ፣ የፖታሲየሙ ውጤት ሲታይ፣ ታማሚው የሚወስደው መድኃኒት ሁሉ ሲነበብ ደስ ይለኛል። ሲምቫስታቲን ለሚወስድ ሰውም አትሰጥም። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ደግሞ ይኸው ኃይልህ ያስፈራል፤ በ1999 በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ከተማ፣ ትክትክ እንዳይዛቸው አንተ ከተሰጠሃቸው 200 ያህል ጨቅላዎች መካከል 7ቱ የጨጓራቸው መውጫ ጡንቻ ወፍሮ ተዘግቶባቸው ኦፕራሲዮን አስፈልጓቸዋል። ከዚህም ሌላ አንተ አንቲባዮቲክ ነህ፤ ያለ ልክ በተሰጠህ ቁጥር ባክቴሪያዎች ይለምዱሃል፤ ነገ ትክትክ የያዘው ልጅ ሲፈልግህ ባዶ እጅህን እንዳትገኝ እሰጋለሁ። ለጥቂት ቀን፣ በትንሽ መጠን፣ ለሚገባው ታማሚ ብቻ እንድትሰጥ አጥብቄ የምናገረው ስለምወድህ ነው።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ አንተ ባትመልሰውም የሚያነቡት ይስሙልኝ። መርፌህ ትልልቅ ኦፕራሲዮን በሚደረግባቸው ሆስፒታሎች ሁሉ ይገኝ። ጨጓራው ለማያሳልፍ ሰው መድኃኒቱን በዚያው በማያሳልፈው ጨጓራ መስጠት ባለን ነገር መብቃቃት ነው፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ግን አልጋ ላይ ያለው ሰው ያልተመጠጠ ሽሮፕ መልሶ ያስታውካል። በደም ሥር ብትገባ ያ ታማሚ ዕድሉ ሌላ ነበር።

በል እንግዲህ፣ ባልደረባህን ፕላዚልን ሰላም በልልኝ። በ1964 ከፈረንሳይ የወጣ፣ ሜቶክሎፕራማይድ የተባለ ሙሉ ስም ያለው፣ ማቅለሽለሽን አብሮ የሚያስታግስ ደግ ባልደረባ ነው። አንገታቸው ተጣሞ ዓይናቸው ወደ ላይ የቀረባቸውን ወጣቶች ስላየሁ እርሱንም በልክ እንጂ አልሰጠውም፤ አውሮፓም በ2013 ከ5 ቀን በላይ እንዳይሰጥ መክራለች። በየምሽቱ የፖታሲየም ውጤት ይዞ ደረጃ የሚወጣውን የላቦራቶሪ ልጅ ሰላም በልልኝ። «መርፌው የለም፣ ግን ቆይ፣ ሽሮፑን ልፈልግልሽ» ብላ ከመደርደሪያ ወደ መደርደሪያ የምትሄደውን ፋርማሲስት ሰላም በልልኝ። ኢሲጂውን ሁለት ጊዜ ሳያነብ ፊርማውን የማያስቀምጠውን ሬዚደንት ሰላም በልልኝ። በጉንማ፣ በሉቨን፣ በባልቲሞር የደከሙልህን፣ በኢሎይሎ የአጊላርን ዘመዶች፣ ሁሉንም በያሉበት ሰላም በልልኝ። ለዛሬ ፈረቃ 6ኛው አልጋ ላይ ታዝዘሃል፤ ኢሲጂው ደህና ነው፣ ፖታሲየሙም ተሞልቷል፤ ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ እሰጥሃለሁ።

አክባሪህ፣
የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ